የ15ኛው ክፍለ ዘመን ግብዣ፦ የክብር ጠረጴዛውን በምን እንለየው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መሳፍንትን ግብዣ የሚመስል ራት እያሰናዳን ነው፤ 80 እንግዳ፣ ከነዚያ 6ቱ በክብር ጠረጴዛው። ያሉን ተራ ተጣጣፊ ጠረጴዛዎች ናቸው፣ እጃችንም አጥሯል። ብዙ ሳናወጣ በምን ይለይ?

ማዕድ፦
ከጌጡ በፊት አቀማመጡ። ስድስቱም በአንድ በኩል፣ ፊታቸውን ወደ አዳራሹ አዙረው ይቀመጡ። በዘመኑም ልማዱ ይኸው ነበር፤ አሳላፊው ከፊት ያቀርባል፣ እንግዳውም ሁሉ ያያቸዋል። ለአንድ ሰው 70 ሳ.ሜ. ብትሰጡ 4.2 ሜትር ይወጣል።

ቀጥሎ ጨርቁ። ከፊት እስከ ወለል ካልወረደ የጠረጴዛው ብረትና የተቀማጮቹ ጫማ ወለል ብሎ ይታያል፤ ሌላው ልፋት ገደል ገባ። ቁመቱም ስፋቱም 75 ሳ.ሜ. ለሆነ ጠረጴዛ 73 ለፊት (አሳላፊ እንዳይረግጠው 2 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል)፣ 75 ለላይ፣ 25 ለኋላ፣ 4 ለጠርዝ እጥፋት፤ ድምሩ 177። ጣቃው 150 ብቻ ከሆነ መጋጠሚያውን ወደ ተቀማጮቹ ጠርዝ አምጡት፣ ከአዳራሹ አይታይም። ስትተኩሱት ደግሞ የእጥፉን መስመር አታጥፉት፤ የዘመኑ ሠዓሊዎች የገበታ ጨርቅን ከነእጥፉ ነው የሳሉት።

እንጀራ አባት፦
በጨርቁ እስማማለሁ፣ ግን ሰው የሚያስታውሰው እጅ ማስታጠቡን ነው። ወጪው ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሊትር ውሃ ከሮዝመሪና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር አፍሉና አጥልሉ፤ ለብ ሲል ለስድስቱ ይበቃል። አንዱ ከማንቆርቆሪያ ያፈሳል፣ ሌላው ሳፋውን ይዞ ፎጣ ትከሻው ላይ ያደርጋል። ከዋናው እንግዳ ይጀመር።

በሳህን ፋንታ የዳቦ ገበታ አቅርቡ፦ አራት ቀን ያደረ የስንዴ ዳቦ፣ 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት። ትኩስ ዳቦ ስጎውን ይመጥና ይፈርሳል፣ ጨርቁንም ያበላሻል። ሹካ አንሱ፤ ቢላና ማንኪያ ይበቃል። ትልቁ የጨው ዕቃ ከዋናው እንግዳ አጠገብ ብቻ ይሁን።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ! ከኋላ መጋረጃ፣ ጠረጴዛው ላይ ረጃጅም ሻማና የሱፍ አበባ አስበን ነበር።

ማዕድ፦
ሱፉን ተዉት። ከአሜሪካ የመጣ ተክል ስለሆነ ከ1492 በፊት አውሮፓ ውስጥ አልነበረም፤ ቃሪያና በቆሎም እንደዚሁ። ጽጌረዳ ይሆናል። መጋረጃው ጥሩ ነው፣ ግን በዋናው እንግዳ ጀርባ ብቻ፣ 1.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። ሙሉውን ግድግዳ ከሸፈናችሁት ማንን እንደሚያከብር አይለይም። የሚሰቀልበትን እንጨት እግር በአሸዋ ከረጢት አክብዱት፤ አሳላፊ ሲያልፍ የሚወድቀው እሱ ነው።

እንጀራ አባት፦
ሻማውም ይጠር። ረጅሙ ፊት ይጋርዳል፣ ነበልባሉም ከአሳላፊው እጅጌ ጋር ይገናኛል። ወፍራም አጭር ሻማ፣ ለሁለት ሰው አንድ፣ ሥሩ ሰሃን ይኑረው። ማራገቢያም አጥፉ፤ ሰሙ ወደ አንድ ጎን እየፈሰሰ ጨርቁ ላይ የሚያርፈው በነፋሱ ነው።