«ብሔርዎ?» ሲባሉ «ቡልጋ» ያሉት እናት ተሳስተዋልን?

የአባዶ ጎረቤት፦ የዛሬ 10 ዓመት ገደማ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አዲስ ገቢዎች ሆነን ለመታወቂያ ስንሰለፍ፣ ጸሐፊው ከፊቴ የነበሩትን ዳዊት ደጋሚ እናት «ብሔርዎ?» ቢላቸው «ቡልጋ» አሉት። «የትውልድ ቦታዎን አይደለም የጠየቅሁት እማማ» ብሎ ደገመላቸው፤ እሳቸውም መልሳቸውን ደገሙለት። ተሰላፊው ሳቀ፤ እኔ ግን የተሳሳተው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ቆሎ ተማሪ፦ በግእዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ ዓለም ነው። ብሔረ ሕያዋን የሕያዋን አገር እንጂ የሕያዋን ጎሣ አይደለም፤ እግዚአብሔር በሚለው ስምም ብሔር ዘርፍ ሆኖ ዓለሙን ያመለክታል። እናታችን በትክክል መልሰዋል።

ባለ መዝገቡ፦ ወንድሜ፣ ፎርም የሚሞላው በዛሬው ቃል ነው። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ሲያነሣ (ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ያቀረበው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ እንደነበር ልብ ይሏል)፣ ለግራ ዘመሙ ትምህርት የአማርኛ ስም ሲፈለግ ይህ ቃል ተነሥቶ አገር መሆኑ ቀረና ሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ሲጀምር፣ ቃሉ ከጥናት ክበብ ወጥቶ በየወረዳው ወረፋ ላይ መልስ የሚጠበቅበት ጥያቄ ሆነ።

ቆሎ ተማሪ፦ ታዲያ ብሔራዊ ባንክ የማን ባንክ ነው? ስሙ ከፊሉን፣ ቅጽሉ ሙሉውን የሚያመለክትበት ሰዋስው ከየት መጣ?

ባለ መዝገቡ፦ ባንኩ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ቃሉ ገና አገር ነበር። ቅጽሉ በቀድሞ ቤቱ ቀረ፣ ስሙ ተሰደደ።

ሰዋስው ወዳጅ፦ እኔ ብሔርና ባሕር አንድ ሥር ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም በሐመሩ ሐ ይጻፋሉና።

ቆሎ ተማሪ፦ በሐመሩ የተሳፈረ ሁሉ ከተዛመደማ ሐሞትና ሐምሌም ወንድማማች ናቸው። ቅኔ ቤት ያልዋለ ሰው ባሕር ባይገባ ይሻላል።

የገላን ሰው፦ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 አንብቡ እንጂ። ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለሕዝብ፣ ለሦስቱም ቃላት አንድ ትርጉም ሰጥቶ፣ ባህልን፣ ቋንቋንና ሥነ ልቦናን ከቈጠረ በኋላ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር መኖርን ይጨምራል። አገርነቱ ከቃሉ ተጠርጎ አልወጣም፤ ስለዚህ «ቡልጋ» በግማሽ ያስኬዳል።

ባለ መዝገቡ፦ በግማሽ የሚሞላ ፎርም አላየሁም። ለመሆኑ ምን ተጻፈ?

የአባዶ ጎረቤት፦ ጸሐፊው የእሳቸውንና የአባታቸውን ስም ደጋግሞ አይቶ ራሱ ሞላው። ምን ብሎ እንደሞላው አልጠየቁትም።