የአራት ዓመት ልጄን በክረምት ያለ ስልክ በምን ላጫውተው?

ጥያቄ፦ እናት፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። የአራት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ፋብሪካ በፈረቃ ስለምሠራ ቀን ከአማቴ ጋር ይውላል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ውጭው ጭቃና ብርድ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ ስልክ ላይ ነው። ያለ ስልክ እህል እንኳን አይቀምስም። ትናንት ባትሪው ሲያልቅ የጎረሰውን ሳያኝክ በአፉ እንደያዘ አለቀሰ፤ አንጀቴ ተላወሰ። አማቴም አይፈረድባቸውም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ስልኩን ብደብቀው ጩኸቱን አልችል ብለው እሳቸው ራሳቸው አውጥተው ሰጡት። ከገበያ የገዛሁለት የፕላስቲክ መኪና በሁለተኛው ቀን ጎማው ወለቀ። የእንጨት መጫወቻ ጥሩ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ የሚሸጠው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ሠፈራችን አናጢ አለ። ምን ብዬ ላሠራ? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ አባት፣ ደብረ ብርሃን

እኛም ቤት እንዲሁ ነበር። በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ አትከልክሉት። እኛ የጀመርነው ከማዕድ ነው፤ ምግብ ሲቀርብ የእኔም የእናቱም ስልክ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ሦስት ቀን አለቀሰ፣ በአራተኛው በላ። አያቱን አስቀድማችሁ አስማሙ፤ አንዱ ከልክሎ ሌላው ከሰጠ ልፋቱ ከንቱ ነው።

መልስ፦ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ሸዋ ሮቢት

እህቴ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ በልጅሽ ዕድሜ ያለ ሕፃን ተቀምጦ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም እንደሚሻል ይመክራል። በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበትም ይላል። ስለዚህ ዝናቡ ጋብ ሲል ጭቃም ቢሆን ይውጣ፤ ልብስ ይታጠባል።

ለልጅሽ እየደረደረ የሚገነባባቸው የእንጨት ጡቦች አሠሪለት። የእንጨት ነገር አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 የሕፃናት ማቆያውን ሲከፍት ለልጆቹ ያቀረበላቸው ኳስና የእንጨት ኩቦችን ነበር። ነገር ግን ዕቃውን ሰጥተሽው ብትሄጂ በአምስት ደቂቃ ትቶት ስልክ ይፈልጋል። ከፈረቃ ስትመለሺ የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ መሬት ላይ አብረሽው ተቀመጪ። አታስተምሪው፤ አንቺም የራስሽን ሥሪ። «የእኔ አጠረ፣ የአንተ ረዘመ» ማለት ይበቃል። የሠራው ሲወድቅበት ለማቃናት አትቸኩዪ። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ሰባት ጊዜ የፈረሰበትን በስምንተኛው ትልቁን ከታች አድርጎ ሲያቆመው ዓይቻለሁ። ያን ቀን አፌን ባልይዝ ኖሮ ያገኘውን ነገር እነጥቀው ነበር።

መልስ፦ አናጢ፣ ደብረ ሲና

እህቴ፣ አዲስ እንጨት አይግዙ። በርና አልጋ የሚሠራ ቤት ሁሉ ቁርጥራጭ ይተርፈዋል፤ አብዛኛው ለማገዶ ነው የሚሄደው። ዋንዛ ካገኙ እሱን ያስመርጡ፤ አይከብድም፣ ሲላግም ይለሰልሳል። ባሕር ዛፍ በአገራችን የትም አለ፤ በደንብ ሳይደርቅ ከተሠራ ግን ይሰነጠቃል፣ ስንጣሪውም ጣት ይወጋል። ቺፕውድ አያሠሩ፤ ጠርዙ ይፈረፈራል።

የጡቦቹ ልክ እንዲህ ይሁን፦ ውፍረት 3.5፣ ወርድ 7፣ ርዝመት 14 ሴንቲ ሜትር። ይህን ሙሉ እንበለው። ግማሹ ርዝመቱ 7፣ ድርቡ 28 ይሆናል። ሃያ ሙሉ፣ አሥር ግማሽና ስድስት ድርብ ለመጀመሪያ ይበቃል። ዋናው ነገር ልኩ ነው። ሁለት ግማሽ ሲገጥሙ አንድ ሙሉ፣ ሁለት ሙሉ ሲቀጥሉ አንድ ድርብ ይወጣቸዋል፤ ሁለቱን ብትደራርቡ ደግሞ ቁመታቸው ከወርዱ እኩል ነው። ልጁ «ግማሽ» የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ከመስማቱ በፊት በእጁ ያውቀዋል። ስለዚህ አናጢው በዓይን ግምት እንዳይቆርጥ አደራ፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ስድስተኛው ድርብርብ ላይ ሲደርስ ግንቡን ያጋድለዋል። ጠርዙን ሁሉ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ፣ በ120 አልፎ፣ በ220 ይጨርስ። ቀለምና ቫርኒሽ አያስፈልግም፤ ከፈለጉ ንጹሕ የንብ ሰም በጨርቅ ይሹት። የተልባ ዘይት የምትቀቡ ካላችሁ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፤ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

መልስ፦ አያት፣ መሐል ሜዳ

ልጄ፣ ለአማትሽ ይህን ንገሪልኝ። ጉልበት ቢያምም አፍና እጅ አለን። እኔ የልጅ ልጄን የማጫውተው ምድጃ ዳር ተቀምጬ ነው። ባቄላና አተር ደባልቄ እሰጠዋለሁ፣ ይለይልኛል፤ ወጡም የሚሠራው ከዚያው ስለሆነ ሥራው እውነተኛ ነው። ጆሮውና አፍንጫው ውስጥ እንዳይከት ግን ዓይኔን አልነቅልም። ታናሽ ካለው ደግሞ ጥሬ በአጠገቡ አይቀመጥ።

ማታ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልሽ» ስለው «ምን አውቅልህ» ይለኛል፤ ካልመለሰ አገር ይሰጠኛል። አንኮበርን፣ ሞላሌን፣ ሰላ ድንጋይን የሚያውቀው በዚያ ነው። ገበጣም አለ። ሰሌዳ ከሌላችሁ የእንቁላል ካርቶን በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ቁረጡ፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48። ሕጉን አሁን አታስተምሩት፣ አንድ አንድ እያደረገ ይዝራ ብቻ።

ከጠያቂዋ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አናጢው ቁርጥራጩን በነፃ ሰጠኝ፣ የከፈልኩት የእጁን ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁለት ቀን ዞር ብሎም አላየው። በሦስተኛው ቀን እኔ መሬት ተቀምጬ ብቻዬን ስደረድር መጥቶ አፈረሰብኝ፤ ከዚያ በኋላ እሱ ነው የሚጠራኝ። ባለፈው ወር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ያለፍንበትን የጣርማ በርን ዋሻ ሠርቷል። ድርቦቹን ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ሙሉዎቹን ከላይ ጋርዶ፣ አንዱን ግማሽ መኪና አድርጎ ያስገባዋል። መውጫው ላይ የአማቴ እግር አለ፤ እሳቸው «ኬላ ነው፣ ስምህን ተናገር» ይሉታል። ማዕድ ላይ ስልክ ቀርቷል። ከሰዓት አሁንም ይጠይቃል፣ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እሰጠዋለሁ።

አንድ ነገር ቸገረኝ። ሁለቱ ድርቦች ጫፋቸው ላይ መሰንጠቅ ጀምረዋል። ምን ላድርግ?

አናጢ፣ ደብረ ሲና

ርጥበት ነበረባቸው ማለት ነው። እሳት አጠገብ አያድርጓቸው፣ ይብስባቸዋል። የተሰነጠቀውን ጫፍ አስቆርጠው ሁለቱንም ወደ ሙሉ ያውርዷቸው፤ ልኩ ስለሚገጥም አይባክኑም። ለዋሻው ደግሞ ከወፍራም ቁርጥራጭ ግማሽ ክብ ያስወጡለት፤ ጣሪያው ቅስት ይሆንለታል።