«ሰርጎ ገባ» እንበል ወይስ «ተዋጠ»?

የሰበታው፦
ሰላም ወገኖች። እዚህ ሰበታ ዳር ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ ዓሣ ለሚያረቡ ልጆች አንድ ገጽ ጽሑፍ እያሰናዳሁ ነው። «የበሽታው ተውሳክ ፕሮቲን የዓሣውን ህዋስ ሰርጎ ይገባል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ወዳጄ «ሰርጎ ገብ ለጠላት ወታደር እንጂ ለፕሮቲን አይባልም» ብሎ ድርቅ አለ። ምን ትላላችሁ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ወዳጅህ ተረቷል። ውሃ መሬት ውስጥ ሰረገ እንላለን እኮ። ወታደሩ ነው ከውሃው የተዋሰው።

የላብራቶሪዋ፦
በቃሉ አልጣላም፣ አገባቡ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ኤሮሞናስ ሳልሞኒሲዳ የሚባለውን ባክቴሪያ እንውሰድ፤ ሳልሞንና ትራውት የሚባሉት ዓሦች ላይ እባጭ የሚያወጣው ነው። መርፌ የመሰለ ነገር አለው። ህዋሱ ላይ ይለጠፍና ፕሮቲኖቹን በዚያ መርፌ ቀጥታ ወደ ውስጥ ይልካል። ራሱ ውጭ ይቀራል። ከሚላኩት አንዱ አክቲንን፣ ማለትም የህዋሱን ቅርጽ ደግፎ የያዘውን ፕሮቲን፣ ያበላሻል። የሚሰርግ ነገር በራሱ ነው የሚሰርገው። ይሄኛው ግን ተልኮ ነው የገባው። ስለዚህ «ይወጋል» በሉ፣ ባለቤቱም ባክቴሪያው ይሁን።

ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባለው ሌላው ባክቴሪያ የሚለቀው ኤሮላይሲን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ሰባቱ ይገጣጠሙና የህዋሱን ሽፋን ይበሱታል። በቃ፣ ቀዳዳ ሆነው እዚያው ይቀራሉ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሺ እመቤቴ፣ ታዲያ «ሰርጎ ገባ» ለማን ቀረ?

የላብራቶሪዋ፦
እኔም እሱን ነው የምፈልገው። ሳፕሮሌግኒያን ታውቁታላችሁ፤ ዓሣው ቆዳና እንቁላሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር የሚያበቅለው። ሻጋታ እንለዋለን እንጂ ከእውነተኛ ሻጋታ ይልቅ ለቡናማ አልጌ ይቀርባል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አንዱን ፕሮቲኑን በትራውት ህዋሶች ላይ ተከታትሎታል። የዓሣው ህዋስ ራሱ በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ይወስደዋል፣ ልክ መንጠቆ እንደሚውጥ ዓሣ። ከረጢቱ ውስጥ ታስሮ ቢቀር ኖሮ ምንም ባላደረገ። ግን ከዚያው ተውሳክ የመጣ ሌላ ፕሮቲን ያግዘውና ያመልጣል። ካመለጠ በኋላ የህዋሱን አርኤንኤ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን መልእክት የሚያደርሰውን ሞለኪውል፣ መቆራረጥ ነው ሥራው።

እዚህ ጋ ሁለት ግስ ያስፈልገናል። መጀመሪያ «ተዋጠ»፣ ቀጥሎ «አፈተለከ»። «ሰርጎ ገባ» ሁለቱንም ይሸፍንብናል፣ ህዋሱ በገዛ አፉ እንደዋጠው አይነግረንም።

ፊደል ቆጣሪ፦
«አፈተለከ» ግሩም ነው! «አመለጠ» ብቻ ቢሆን ቀዝቀዝ ይል ነበር። በነገራችን ላይ «ሰተት ብሎ ገባ» የሚል ካለ ከወዲሁ ተቃውሜያለሁ። ሰተት የሚለው በሩ ተከፍቶ የሚጠብቀው ነው።

የሰበታው፦
ተባረኩ። ልጆቹ ግን አርኤንኤ ብላቸው ዓይናቸው ይፈዛል። እንዲህ ባደርገውስ? «ተውሳኩ ፕሮቲኑን ይለቃል። የዓሣው ህዋስ ይውጠዋል። ፕሮቲኑ ውስጥ ገብቶ ያፈተልክና ህዋሱን ይጎዳል። በመረብ ስትይዙት ቆዳው እንዳይላጥ ተጠንቀቁ፤ ጥጡ የቆሰለ ቦታ ይወዳል።»

የላብራቶሪዋ፦
መጀመሪያው ላይ «ሳፕሮሌግኒያ» ብለህ ስሙን ጻፍ። «ተውሳኩ» ካልክ ባክቴሪያውንም ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ አያስውጥም፣ ይወጋል።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ጥጡ» የሚለውን እንዳትነካው።