ፔናሊቲው ገብቶ ሳለ ለተከላካዩ ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ዳኛው የሳተው የቱ ላይ ነው?

ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር በክረምቱ የሰፈር ውድድር ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ አለ፤ የዳኝነት ሕግ የምታውቁ ብታስረዱን። ጨዋታው 30 በ30 ደቂቃ ነው። ሜዳው ጭቃ፣ የቅጣት ክልሉም ኖራ ግማሹ በዝናብ ታጥቧል። ፔናሊቲ ተመታና ገባ። መቺው ከመምታቱ በፊት ግን አንድ የቡድኑ ልጅ ክልሉ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዳኛው ጎሉን ሽሮ ለተከላካዩ ቡድን ቅጣት ምት ሰጠ፤ ወዲያው ተመታ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ኳስ ስትወጣ ሰባት ስምንት ልጅ ዳኛውን ከበበው። አምበሉ በረኛ ስለሆነ ከወዲያኛው ጎል ድረስ እየሮጠ መጣ። በግርግሩ ሁለት ቢጫ ወጣ። አንደኛው ልጅ ከእረፍት በፊት ቢጫ ያየ ነው፤ ሆኖም ቀይ ሳይመዘዝበት እስከ መጨረሻው ተጫወተ። ከተቀያሪ ወንበርም አንዱ ዳኛውን ተሳደበ፤ ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ታለፈ። የተሸነፈው ቡድን ክስ ቢያስይዝ ያስኬደዋል?

ፊሽካ፦
መጀመሪያ ሁለት ነገር ይለይ። «ጥፋት ነበር፣ አልነበረም»፣ «ኳሷ መስመሩን አልፋለች፣ አላለፈችም» የሚለው የዳኛው እይታ ነው። ቢሳሳትም ይጸናል፤ በዚህ ላይ የሚቀርብ ክስ ውሃ አያነሳም። የሆነውን በትክክል አይቶ ሕጉ የማያውቀውን ቅጣት ከሰጠ ግን የሕግ አተገባበር ስህተት ነው። የናንተው ይሄኛው ነው።

ሕግ 14 ላይ እንደሰፈረው፣ ኳሷ ከመቺው እግር በቀጥታ ከገባችና ጥፋቱ የጓደኛው ቀድሞ መግባት ብቻ ከሆነ ለተከላካዩ ቅጣት ምት የሚሰጥበት መንገድ የለም። የገባው ልጅ በረኛውን በግልጽ ካወከ ምቱ ይደገማል፤ ካላወከ ጎሉ ይጸድቃል። «ካወከ» የሚለው የመጣው እ.ኤ.አ. ከ2024/25 የውድድር ዘመን ወዲህ ነው። ቀድሞ መግባቱ ብቻውን ያስደግም ነበር፤ ዛሬም በአሮጌው የሚዳኝ ብዙ አለ። ለተከላካዩ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት የሚሰጠው ለምሳሌ በረኛው የመለሳትን ኳስ ያ ቀድሞ የገባው ልጅ አግኝቶ ሲያገባ ወይም ለማግባት ሲሞክር ነው። መቺው ሩጫውን ከጨረሰ በኋላ ቆም ብሎ ካታለለም እንደዚሁ፤ እዚህ ላይ ጎል ቢገባም አይቆጠርም፣ ቢጫም አለው። በሩጫው መሃል ማታለል ግን ችግር የለውም።

የናንተ ዳኛ የሠራውን ስህተት ዓለም አቀፍ ዳኛም ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታሽኬንት ላይ ኡዝቤኪስታን ከባህሬን ተጫወቱ። ጃፓናዊው ዳኛ የኡዝቤኪስታንን ፔናሊቲ ከገባ በኋላ ሽሮ፣ «ጓደኛው ቀድሞ ገብቷል» ብሎ ለባህሬን ቅጣት ምት ሰጠ። ያኔ በነበረው ሕግ መደገም ነበረበት። ኡዝቤኪስታን 1 ለ 0 ብታሸንፍም ፊፋ ውጤቱን ሰርዞ ጨዋታው እንዲደገም አደረገ። ድጋሚው 1 ለ 1፣ መልሱ ባህሬን ላይ 0 ለ 0 አለቀና ባህሬን ከሜዳዋ ውጪ ባገባችው ጎል አለፈች። ስህተቱ የጎዳው ቡድን ጭራሽ ከማጣሪያው ወጣ! ስለዚህ ክስ የሚያስይዘው ቡድን ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ያስብበት።

የጨዋታ ሕጉ ራሱ «ይደገም» ወይም «አይደገም» አይልም፤ ያ የውድድሩ ደንብ ጉዳይ ነው። ደንባችሁ ላይ ስለ ክስ ምን እንደተጻፈ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም እዩ። ዳኛው ራሱ ሊያርም ይችል የነበረው ቅጣት ምቱ ከመመታቱ በፊት ነው። ከተመታ አበቃ።

ባንዲራ ያዥ፦
ስለ ካርዱ ልጨምር። ሁለተኛ ቢጫ ሳይታወቅ የሚያልፈው ባብዛኛው በአጻጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ላይ እንግሊዛዊው ግርሃም ፖል ክሮኤሺያዊውን ዮሲፕ ሺሙኒች በአንድ ጨዋታ ሦስት ጊዜ ቢጫ አሳይቶታል። ሁለቱም ቡድን ውስጥ ቁጥር 3 ነበረና የሺሙኒችን ቢጫ በአውስትራሊያው ቁጥር 3 ላይ መዘገበው። በሰፈር ጨዋታማ ማሊያው በጭቃ ተለውሶ 3 እና 8 አይለይም።

ስለዚህ ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቡድን የየራሱ ገጽ ይኑር፤ በገጹ አናት ላይ የማሊያው ቀለም ይጻፍ። ተጫዋቹን ጠርተህ ቁጥሩን ከጀርባውም ከፊቱም አይተህ፣ ደቂቃውንና ምክንያቱን ጽፈህ፣ ከላይ ያሉትን ስሞች በዓይንህ ቃኝተህ፣ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ረዳቶቹም በየራሳቸው ይጻፉ፤ ሁለተኛ ቢጫ መሆኑን ያወቀ ረዳት የቆመው ጨዋታ ሳይቀጥል ባንዲራውን አውለብልቦ ዋናውን መጥራት አለበት። ዘግይቶ የታወቀ እንደሆነም ልጁ በታወቀበት ሰዓት ይወጣል፤ የተፈጠረውም ሳይድበሰበስ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል።

ከበባው ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ መሃል ላይ ቆሞ ለሁሉም መልስ መስጠት ነው። ሕጉ ውሳኔን በቃል ወይም በድርጊት መቃወምን ቢጫ ይለዋል፤ ስድብን ቀይ። መካከለኛ የለም። ግን ሰባት ልጅ ላይ ሰባት ቢጫ መምዘዝ ጨዋታውን ይገድለዋል። ወደ ባዶው ሜዳ ሁለት ሦስት እርምጃ ውጣ፣ እጅህን ዘርግተህ አስቁማቸው፣ ከሩቅ ሮጦ የመጣውን ወይም ሌላውን ያነሳሳውን ለይተህ እሱን ቅጣ። ካርዱ ከክንድ ርቀት ይታይ፤ አፍንጫ ስር የተመዘዘ ካርድ እጅ ያስነሳል። ዳኛውን የገፈተረ ልጅ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ቀይ ነው።

ከአዘዞ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አምበሉስ? «አምበል ስለሆንኩ መናገር መብቴ ነው» ሲል ነበር።

ባንዲራ ያዥ፦
አምበልነት ከካርድ አያስጥልም። እ.ኤ.አ. ከ2025/26 ጀምሮ ሕጉ ውስጥ የገባ መመሪያ አለ፦ ውድድሩ ከተቀበለው ዳኛውን ቀርቦ የሚያነጋግረው አምበሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ቢጠጋ ቢጫ። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫም ተሠርቶበታል። አምበሉ በረኛ ከሆነ ግን ቡድኑ ጨዋታው ሳይጀመር ከሜዳ ተጫዋቾች አንዱን ለዚህ ይመርጣል፤ በረኛው ከጎሉ አይነቃነቅም። በሳንቲሙ ዕጣ ጊዜ ለሁለቱም አምበሎች ንገሯቸው፤ ከበባው ከተጀመረ በኋላ ማስረዳት ዋጋ የለውም።

አራተኛው፦
ከወንበር ስለመጣው ስድብ ማንም አልመለሰም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አሰልጣኝም ወጌሻም ካርድ ያያል። ጥፋተኛው ካልታወቀ ካርዱ በቴክኒክ ክልሉ ውስጥ ላለው ዋና አሰልጣኝ ነው፤ ስድብ ስለሆነ ቀይ። «ማን እንደሆነ አላወቅንም» ተብሎ የሚታለፍ ነገር የለም። ይሄን አንድ ጊዜ ያየ አሰልጣኝ ወንበሩን ራሱ ጸጥ ያሰኘዋል።

ሌላው፣ በየሰፈሩ ለሚደረግ ውድድር ቢጫው ብቻ አይበቃም ባይ ነኝ። የሦስት ሳምንት ውድድር ላይ የካርድ ቅጣት ማን ይቆጥራል? ለተቃውሞ የሚሰጥ ቢጫ ልጁን ለጊዜው ከሜዳ እንዲያስወጣ ሕጉ ለታዳጊዎችና ለሰፈር ደረጃ ጨዋታ ይፈቅዳል። የሚወጣው ከጨዋታው ጠቅላላ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለሚሆን ነው፤ በናንተ 60 ደቂቃ ቢያንስ 6 ደቂቃ ማለት ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ልጁ ወጥቶ ጨዋታው ሲቀጥል እንጂ ካርዱ ሲመዘዝ አይደለም፤ አለዚያ እየጎተተ ወጥቶ ግማሹን ይበላዋል። ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ መሃል ላይ የሚጀመር አይደለም።

ፊሽካ፦
በ6 ደቂቃው እስማማለሁ፤ ሰዓት የሚይዝ አራተኛ ሰው ካለ ብቻ። ዋናው ዳኛ ሁለት ሰዓት ሲቆጥር ፋውሉ ያመልጠዋል።

ከአዘዞ፦
አንድ የመጨረሻ። ደጋፊው ሁሉ «የመጨረሻ ሰው ነው፣ ቀይ!» እያለ ይጮሃል። እውነት ሕጉ እንደዚያ ይላል?

ፊሽካ፦
«የመጨረሻ ሰው» የሚል ሕጉ ውስጥ የለም። የሚታየው ግልጽ የጎል ዕድል መኖሩ ነው፦ እስከ ጎል ያለው ርቀት፣ አጠቃላይ አቅጣጫው፣ አጥቂው ኳሷን የመቆጣጠር ወይም የማግኘት ዕድሉ፣ የተከላካዮቹ ቁጥርና አቋቋም። ወደ ማዕዘን የሚሮጥን አጥቂ የጣለ የመጨረሻ ተከላካይ ቀይ ላያይ ይችላል፤ ጎን ለጎን ሌላ ተከላካይ እያለም ቀይ ሊሆን ይችላል። ክልሉ ውስጥ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ፋውል ሠርቶ ፔናሊቲ ካስገኘ ቀዩ ወደ ቢጫ ይወርዳል። ማሊያ ከጎተተ ወይም ከገፋ ግን ቀይ ነው። ኖራው በታጠበ ሜዳ ደግሞ ክልሉ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ካልታየ ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ከግቡ መስመር 16.5 ሜትር ለክልሉ፣ 11 ሜትር ለፔናሊቲው ነጥብ በገመድ ይለካ። ዝናብ ከታጠበው በእረፍት ሰዓት እንደገና ኖራ ይረጭ።