«የመንጋ ሕክምና» ያልከው ሰውዬ፣ ና እንነጋገር

ቁጥር ወዳድ፦ ትላንት አንዱ እዚህ «ተማሪውን ሁሉ ሳይመረምሩ የትል ክኒን ማስዋጥ የመንጋ ሕክምና ነው» ብሎ ላይክ ሲለቅም አመሸ። በጣም ነው ያናደደኝ። የሰገራ ምርመራ እኮ ከአንድ የአልቤንዳዞል የትል ክኒን በብዙ እጥፍ ይወደዳል! የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ዝም ብላችሁ በትኑ አላለም። ከ100 ልጆች ቢያንስ 20ዎቹ ትል ባለባቸው ቦታዎች ነው ያለው።

ተጠራጣሪው፦ «አንዱ» እኔ ነኝ። ርካሽ ነው አልክ፣ ይሠራል ወይ? የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ደጋግሞ አይቶት በክብደትም፣ በደም ማነስም፣ በትምህርትም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ሕንድ ውስጥ 1 ሚሊዮን ሕፃናት ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናትም የሞት ቁጥሩን እምብዛም አልነካውም።

የበግ ሐኪም፦ ቆዩኝማ። «የመንጋ» ስድብ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? መንጋውን በሙሉ በየጊዜው የትል መድኃኒት ማጠጣትማ እኛ ራሳችን እየተውነው ነው። ሁሉንም ስናጠጣ የተረፈው መድኃኒቱን የለመደው ትል ብቻ ሆነ። አሁን ሄሞንከስ የሚባለው ደም መጣጭ ትል ባለበት የበጉን የዓይን ቆብ ገልበን እናያለን። ደም አንሶት የነጣውን እናክማለን፣ ቀዩን እንተወዋለን። መድኃኒት ያልነካው ትል እዚያ ይተርፍና ከለመደው ጋር ይዳቀላል፤ የለመደው ብቻውን አይበዛም።

ተጠራጣሪው፦ አያችሁ? በግ እንኳ ታይቶ ይታከማል!

ቁጥር ወዳድ፦ ልጁ እስኪነጣ እንጠብቅ ነው የምትለው?

የበግ ሐኪም፦ መቼ ወጣኝ? ልጅ በግ ነው አላልኩም። «የመንጋ ሕክምና» ማለት ሳያዩ መስጠት አይደለም ነው ያልኩት።

ላቦራቶሪ ነኝ፦ «መርምሩ» ማለት አፍ ላይ ቀላል ነው። ሰገራው የተቀባበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ በሰዓቱ ካላነበብከው የመንጠቆ ትል እንቁላል ይጠፋብሃል። የትሉ ብዛት ትንሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ስላይድ ያመልጠዋል። ክኒኑም ቢሆን ወስፋትን ያረግፋል እንጂ ትሪኩሪስ የሚባለውን ሌላ የአንጀት ትል በአንድ ጊዜ አይችለውም።

ቁጥር ወዳድ፦ የኬንያው የትል ክኒን ጥናትስ? 75 ትምህርት ቤቶች፣ ተመራማሪዎቹ ሚጌልና ክሬመር፣ እ.ኤ.አ. 2004። ከትምህርት ቤት መቅረት በሩብ ቀንሷል።

ተጠራጣሪው፦ በ2015 ሌሎች ዳታውን ደግመው ሲሠሩት ስህተት አልተገኘም? ራቅ ላሉት ትምህርት ቤቶች ተርፏል የተባለው ጥቅም የት ገባ?

ቁጥር ወዳድ፦ ክኒኑ የተሰጠባቸው ላይ የታየው ግን አልጠፋም። እሱን ዘለልከው። ከ20 ዓመት በኋላ ሲከታተሏቸው የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፣ በ2021 ታትሟል።

ተጠራጣሪው፦ በማን? ከእነዚያው ሰዎች እጅ።

ቁጥር ወዳድ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ቁጥሩን ትተህ ሰዎቹን ያዝክ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሽንት ቤት የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። ዛሬ ቢውጥ፣ ነገ በባዶ እግሩ እዚያው አፈር ላይ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሐኪሙ፣ እሺ፣ «የመንጋ»ን አንስቼ «የጅምላ» ብዬዋለሁ። ደስ አለህ?

የበግ ሐኪም፦ አለኝ። በጎቹም ደስ ብሏቸዋል።

ቁጥር ወዳድ፦ እኔን ግን አላለኝም። «የጅምላ»ውም ያው ስድብ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ሽንት ቤቱስ?