የመጻፍ ስህተቱ ለአንዱ ፕሮግራም ብቻ ይደርሳል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ለሊኑክስ ትንሽ የፋይል ሲስተም ድራይቨር (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅ የከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ ክፍል) እየጻፍኩ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ተቸክያለሁ።

በዲኤም ፍሌኪ (የዲስክ ብልሽትን አስመስሎ የሚፈጥር የሊኑክስ መሣሪያ) ዲስኩ መጻፍ እንዲከለክል አድርጌ እሞክራለሁ። ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ፋይል ከፍተው ይጽፋሉ። የመጀመሪያው ኤፍሲንክ (የተጻፈው ዲስክ ላይ በትክክል እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ጥሪ) ሲጠራ ኢአይኦ (የማንበብ/መጻፍ ስህተት ኮድ) ይደርሰዋል፤ ልክ ነው። ሁለተኛው ሲጠራ ግን ዜሮ፣ ማለትም ስህተት የለም! ፋይሉ ከፔጅ ካሽ (ሚሞሪ ውስጥ ካለው የፋይሉ ቅጂ) ስለሚነበብ ደህና ይመስላል። ነቅዬ እንደገና ማውንት ሳደርገው የድሮው ይዘት ቁጭ ብሏል። የሰው ዳታ እንዲህ ድምፁን አጥፍቶ ሲጠፋ ያስፈራኛል።

የኔ ኤፍሲንክ በአሮጌው መንገድ የማፒንጉን (የፋይሉን ፔጆች ሚሞሪ ውስጥ የሚይዘውን መዝገብ) የስህተት ምልክት ነው የሚያየው። ምልክቱን ቀድሞ ያየው ያጠፋዋል። ከከርነል 4.13 ወዲህ ያለው ኤርሴክ የሚባለው የስህተት መቁጠሪያ ግን ፋይሉን ለከፈተ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይከታተላል። ኤርሴክን ወደሚጠቀመው የከርነል ፈንክሽን ወደ ፋይል ራይት ኤንድ ዌይት ሬንጅ መቀየር ብቻ ይበቃል? ያልተጻፈውን ፔጅስ መልሼ ደርቲ (ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ) ብዬ ምልክት ላድርግበት ወይስ ልተወው? የሠራችሁት ካላችሁ መንገዱን ጠቁሙኝ።