እማዬን ይዤ ዛንዚባር፦ የኤሊዎቹ ደሴት ጉልበት ለሚያማት እናት ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ወንድሜ ዳሬ ሰላም ሥራ ከያዘ ሦስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ እማዬንና እኔን ለዐሥር ቀን ጠርቶናል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ቀን ዛንዚባር ሊያሳድረን አስቧል። እማዬ 63 ዓመቷ ነው። መንዝ ተወልዳ፣ መንዝ ላይ ወልዳ አሳድጋን፣ አሁን እኔ ጋ ደብረ ብርሃን ናት። ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ትልቅ ውሃ ሲባል የሚመጣላት ክረምት ላይ የሚሞላው ጀማ ነው።

ወንድሜ የመረጠው ከዛንዚባር ከተማ በጀልባ ተነስቶ ቻንጉ ደሴት (ቱሪስቶቹ ፕሪዝን አይላንድ የሚሏት) ደርሶ የሚመለስ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው። መጀመሪያ ግዙፎቹን ኤሊዎች ማየት፣ ቀጥሎ ስኖርክል፣ ማለትም የውሃ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ፊትን ውሃ ውስጥ ከቶ ዓሣ ማየት አለ። ከዚያ አሸዋ ደሴት፣ ከዚያ ምሳ እያለ ይቀጥላል።

የተጨነቅሁበትን ልንገራችሁ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ የደም ግፊት ኪኒንም ትወስዳለች። እኔ ዋና አልችልም፣ የዓይን መነጽርም አደርጋለሁ። ጉዞው የሚውለው ረቡዕ ነው፤ እሷ ደግሞ ጾም አትሽርም። ጀልባው የሚነሳው «3 ሰዓት» ነው ተብሎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ እንኳ አላወቅንም። የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ። ያስጨነቀኝ ገንዘቡ አይደለም፤ እማዬ ተጉላልታ «ምነው በቀረሁ» እንዳትል ነው።

መልስ፦ ዛንዚባር የሠራሁ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ሁለት ዓመት እዚያ ሆቴል ቤት ሠርቻለሁ፤ እንግዳ ይዤ ወደዚያች ደሴት ብዙ ጊዜ ተሻግሬያለሁ። ደሴቷ ቅርብ ናት፤ ከከተማው 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ብትርቅ ነው። የእንጨቷ ጀልባ በሞተር ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ታደርሳችኋለች። የሚያስቸግረው መሳፈሩና መውረዱ ነው። ብዙዎቹ ጀልባዎች የሚነሱት ከአሸዋው ዳር ነው። ጫማ አውልቆ፣ ቀሚስ ሰብስቦ፣ እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ ገብቶ በጀልባዋ ጎን በአጭር መሰላል መውጣት ነው። የመጀመሪያው መርገጫ ከፍ ይላል፤ ጉልበት የሚያማው ሰው የሚቸገረው እዚያች ላይ ነው።

ስለዚህ ከጀልባው ባለቤት ጋር ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ባሕሩ ጠይቁ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ በምትሞላበትና በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ጎድሎ ካገኛችሁት ጀልባዋ ዳር መጠጋት ስለማትችል፣ ድንጋይና የባሕር ጃርት ባለበት ውሃ ውስጥ ብዙ ትራመዳላችሁ። የጃርቱ እሾህ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ የጎማ ጫማ ሳታደርጉ እንዳትረግጡ። የዚያን ቀን ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ የምታድሩበት ሆቴል ይነግራችኋል፤ መነሻችሁን በዚያ ቁረጡ እንጂ ደላላው በሰጣችሁ ሰዓት አትሂዱ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው። ጠዋት 1 ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይላሉ፣ 3 ሰዓትን «ሳ ታቱ»። ወንድምሽ በስዋሂሊ ተነጋግሮ ከሆነ የእኛው የጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ተነጋግሮ «ስሪ» ብለውት ከሆነ ግን የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፣ ያኔ ነፋሱም ይበረታል። ደውሎ ያረጋግጥ።

መልስ፦ ነርስ ከጠባሴ

እኔ ስለ እናትሽ ጤና ልጻፍ። ከኢትዮጵያ ወደ ታንዛኒያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ አንዴ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነገር ግን ዕድሜያቸው 60 ያለፈና ክትባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ላይ፣ ብዙ ባያጋጥምም፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመከተል ዕድሉ ከወጣቶች ከፍ ይላል። ስለዚህ ተሰልፋችሁ ከመወጋታችሁ በፊት እናትሽ ሐኪም ፊት ይቅረቡ። ሐኪሙ ባይወስዱ ይሻላል ካለ የነፃ ማድረጊያ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል። ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

የግፊት ኪኒናቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ዳሬ ሰላምም ሆነ የባሕር ዳርቻው ወባ ያለበት ቆላ ነው፤ እኛ ደጋ ላይ የኖርን ሰዎች ሰውነታችን ወባ አያውቅምና ስለ መከላከያ መድኃኒት እዚያው ሐኪም ዘንድ ጠይቁ።

ስለ ጾሙ ግን በግልጽ ልናገር። ረቡዕን እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ ሙቀት፣ የግፊት መድኃኒት ወስደው ጀልባ ላይ መዋል አይሆንም። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ግፊት ይወርዳል፣ ሰው ሲቆም ያዞረዋል። ጾሙን ሳይሆን ጉዞውን ቀይሩት። ሐሙስ አድርጉት።

መልስ፦ ሸዋ ሮቢት

እኔም ዋና አልችልም ነበር፣ ግን ስኖርክል አድርጌያለሁ። ስለዚህ እህቴ ይቅርብኝ አትበይ። ላይፍ ጃኬት ካደረግሽ ሰውነትሽ መስጠም ቢፈልግም አይሰጥምም፤ የምትማሪው መተንፈስ ብቻ ነው። ከባዱ ነገር አፍንጫሽ ተዘግቶ በአፍሽ ብቻ መተንፈሱን ማመን ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ወገቤ ድረስ በሆነ ውሃ ቆሜ፣ ፊቴን ብቻ እየነከርኩ፣ ትንፋሼ እስኪረጋጋ ጠበቅሁ። ቱቦው ውስጥ ትንፋሽሽ ሲመላለስ ጆሮሽ ላይ ይጮሃል፤ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ኋላ ያረጋጋል። ሰላም ካልተሰማሽ ቀና በይ፣ እግርሽ መሬት ይነካል።

መነጽሩን ከመግባትሽ በፊት ሞክሪው። ማሰሪያውን ሳታጠብቂ ፊትሽ ላይ ለጥፈሽ በአፍንጫሽ ወደ ውስጥ ሳቢ፤ እጅሽን ስትለቂው ካልወደቀ ልክሽ ነው። ፀጉርሽ ከጠርዙ ሥር ከገባ ውሃ ያስገባል፤ ሹሩባ ከተሠራሽ ግንባርሽ ላይ ያለውን ወደ ኋላ ሰብስቢው። ጭጋግ እንዳይሠራ ውስጡን በምራቅ አሽተው በባሕሩ ውሃ ያለቅልቁታል፣ አትጸየፊው። የዓይን መነጽርሽን ከሥሩ ማድረግ አይቻልም፤ እጀታው ውሃ ያስገባል። ደግነቱ ውሃ ውስጥ ሁሉም ነገር ሩብ ያህል ቀርቦና ሲሶ ያህል ገዝፎ ነው የሚታየው፤ ችግርሽ ሩቁን አጥርቶ አለማየት ከሆነና ቀላል ከሆነ ብዙም አይከለክልሽ።

ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቶቹን በእጅሽ ቁጠሪያቸው። በሰዉ ቁጥር ልክ ከሌለ፣ ዘለበቱም የተበጠሰ ካለ፣ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። ሌላ ጀልባ አይጠፋም።

መልስ፦ ከአረርቲ

ዛንዚባር ለሚገባ የውጭ ሰው ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 (መስከረም 21 ቀን 2017) ጀምሮ የ44 ዶላር የጉዞ መድን ግዴታ ሆኗል፤ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ክፈሉ። ከዳሬ ሰላም በመርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አገሩ አንድ ቢሆንም ፓስፖርት ያያሉና ያዙ። ጀልባውን ስትዋዋሉ የደሴቷ መግቢያ፣ መነጽሩና ቱቦው፣ አስጎብኚው በዋጋው ውስጥ እንዳሉ ወይም እንደሌሉ አንድ በአንድ ጠይቁ።

ከዚያ ናኩፔንዳን እንዳታስቀሩ። ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ብቅ የሚል ነጭ አሸዋ ነው፤ ስሙ በስዋሂሊ «እወድሃለሁ» ማለት ነው። እዚያ ሳይረግጡ መመለስ አይሆንም።

መልስ፦ ዛንዚባር የሠራሁ

ወንድሜ ከአረርቲ፣ ናኩፔንዳ ውብ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አሸዋው የሚገለጠው ባሕሩ ሲጎድል ነው፤ እኛ ደግሞ ለእኚህ እናት የምንፈልገው ሙላቱን ነው። አሸዋው ላይ ዛፍ የለም፣ ጥላው የተተከለ ሸራ ብቻ ነው። ኤሊዎቹን ተረጋግተው አይተው፣ ልጅቱ ግማሽ ሰዓት ዓሣዋን አይታ፣ ምሳ ከተማ ተመልሶ ይሁን።

ስለ ምግቡ አትጨነቂ። ሩዙን በኮኮናት ወተት ነው የሚቀቅሉት፣ ባቄላውንም እንዲሁ፤ ካሳቫም አለ። የጾም ቀን ቢሆንም የሚበላ አይጠፋም። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ እናትሽ የሥጋው ነገር የሚያሳስባቸው ከሆነ ዓሣ ይብሉ። ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት መሸፈን ደግ ነው፤ የእናትሽ ነጠላ እዚያ ያስከብራቸዋል እንጂ አያሳፍራቸውም። ልጆቹ «ሺካሞ» ይሏቸዋል፤ ለታላቅ ብቻ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። መልሱ «ማራሃባ» ነው። ከወዲሁ አስተምሪያቸው፣ ይደሰታሉ።

መልስ፦ የጓሳ ልጅ

እኔ ስለ እንስሶቹ ነው። እኛ ጓሳ ላይ ጭላዳ መሐል ተቀምጠን የምናውቀውን ነገር እናትሽ ያውቁታል፦ እንስሳው ወዳንተ ይመጣል እንጂ አንተ አታሯሩጠውም። ኤሊዎቹም እንደዚያ ናቸው። የአልዳብራ (የሲሸልስ ደሴት ናት) ኤሊዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1919 የሲሸልስ እንግሊዛዊ ገዥ አራት ኤሊ በስጦታ ላከ፣ በ1955 ሁለት መቶ ያህል ደርሰው ነበር። ኋላ ሰው እየሰረቀ ሲሸጣቸው በ1996 ሰባት ብቻ ቀሩ። ዛሬ ጫጩቶቹ በአጥር ውስጥ የሚያድጉት በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁ ወንድ እስከ 250 ኪሎ ይመዝናል። ጀርባው ላይ መቀመጥ፣ ልጅ ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ጠባቂው በሰጣችሁ ቅጠል ብቻ መግቡ፣ ጣትን ከአፉ ማራቅ፣ ሲጨርሱ እጅን በሳሙና መታጠብ።

አንድ ልመና ልጨምር። ኪዚምካዚ ወደምትባለው የባሕር ዳር መንደር ወስደን ከዶልፊን ጋር እናዋኛችሁ የሚል ቢመጣ እምቢ በሉ። ዐሥር ጀልባ አንድ መንጋ እየከበበ ያሳድዳል፤ እንስሶቹ ማረፊያ ያጣሉ።

የጠያቂዋ ምላሽ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ

ተመልሰናል። ዝም ብዬ አልቀርም ብዬ ነው የምጽፈው።

ነርሷ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሐኪሙ እማዬን መርምሮ፣ ክትባቱን ባትወስድ ይሻላል ብሎ ደብዳቤ ጻፈላት፤ ድንበር ላይ ተቀበሉን። ጉዞውን ወደ ሐሙስ አዛወርነው። በዚያ ቀን ባሕሩ የሚሞላው ረፋድ ላይ ስለነበር ጀልባዋ አሸዋው ድረስ ተጠጋች። ወንድሜ ከአንድ ሻይ ቤት የፕላስቲክ ወንበር ለምኖ ውሃው ውስጥ ከመሰላሉ ሥር አስቀመጠው፤ እማዬ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ከዚያ መሰላሉን ረግጣ ወጣች። የጀልባዋ ልጆች ግራ ቀኝ ክንዷን ይዘው «ሺካሞ ማማ» ሲሏት፣ «ማራሃባ» ብላ ስትመልስ ጀልባው በሙሉ አጨበጨበ። ጉልበቱ ለሚያመው ሰው ሁሉ የምመክረው ያንን ወንበር ነው።

ደሴቷ ላይ ከአንዱ ኤሊ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ስትጠጋው እንደ ጎማ ተንፍሶ አንገቱን ሰበሰበ፣ እሷም ደነገጠች። ጠባቂው አንገቱን በመዳፉ ሲያሽለት ግን ቀስ እያለ አወጣው፤ አወጣው፣ አወጣው፣ ክንድ አከለ። ቆዳው እንደ አሮጌ ስልቻ የተሸበሸበ ነው። ቅጠሉን ሲቆርጥ ድምፁ በሬ ሣር ሲነጭ ያለውን ይመስላል። ጀርባው ላይ በቀለም ዕድሜው ተጽፏል፣ ከ150 በላይ ይላል። እማዬ «በማን ጊዜ ተወለደ ማለት ነው?» አለችኝ። ቀንሼ፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሆነው አንኮበር ሳሉ ነው አልኳት። ዝም ብላ አየችውና ነጠላዋን አስተካክላ እንደ አዛውንት እጅ ነሣችው።

እኔም ገባሁ። ላይፍ ጃኬት አድርጌ፣ አስጎብኚው የያዘውን የመንሳፈፊያ ቀለበት ጨብጬ፣ ሸዋ ሮቢት እንዳልከኝ ወገቤ ድረስ ቆሜ ተለማምጄ። ብጫና ጥቁር መስመር ያላቸው የመዳፍ ያህል ዓሦች ፊቴ ድረስ መጡ። ሃያ ደቂቃ ሆነኝ ብዬ ቀና ስል ወንድሜ አምሳ ደቂቃ ሆነሽ አለኝ። ጀርባዬን ፀሐይ መትቶኝ ለሦስት ቀን ተኝቼ ማደር አቃተኝ፤ የምትገቡ ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ለብሳችሁ ግቡ።